ዘፈኖቻችንን በሁለትና በሦስት ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንያዝ?



በዚህ እትም የምናነሣው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ጨዋታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ርእሱ ዲጄ የሚባለው ሙዚቃ አጫዋች ዘፈኖቹን በኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚያደራጅ፣ በተለይም ከአንድ በላይ ኮምፒዩተር ሲኖር ስብስቡ እንዳይጠፋና እንዳይዘበራረቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ጉዳዩ ግን ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከሚከተለው ታሪክ ትረዱታላችሁ።

ባለፈው ዓመት ናይሮቢ ውስጥ፣ እኔ በምኖርበት በፓርክላንድስ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ሠርግ ነበር። ሙዚቃውን እንዲያጫውት የተጠራው በካምፑ ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ነው። ቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ዘፈኖች አሉት። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተሩ ባትሪ ስለ ደከመ የጓደኛውን ላፕቶፕ ተውሶ የዲጄውን ፕሮግራም ጫነበት፤ የዘፈኖቹንም ዝርዝር በፍላሽ ገልብጦ አስገባ። ዝርዝሩ አንድም ሳይጎድል ታየው። ሙሽሮቹ ከአዳራሹ በር ደርሰው የመጀመሪያውን ዘፈን ሊያጫውት ቁልፉን ሲጫን ግን ፕሮግራሙ «ፋይሉ አልተገኘም» አለው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። 4,000 ስም አለ፤ አንድም ድምፅ የለም። ደግነቱ እናቶች ተነሥተው በእልልታና በጭብጨባ ሙሽሪትን ተቀበሏት፤ ቀኑም በእነርሱ ድምፅ ተሸፈነ። ልጁ ግን የተስማማበትን ገንዘብ ለመቀበል አፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ስሕተቱ የልጁ ስንፍና አልነበረም። አንድ ቀላል ነገር ማንም አልነገረውም። እርሱን ዛሬ ለእናንተ ላስረዳ።

1ኛ/ ዝርዝሩና ዘፈኑ ሁለት ነገሮች ናቸው

የቤተ መጻሕፍታችንን መዝገብ አስቡ። በመዝገቡ ላይ የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ የመደርደሪያው ቁጥር ተጽፏል። መጽሐፉ ግን ያለው መዝገቡ ውስጥ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ነው። መዝገቡን ይዞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው መጻሕፍቱን ይዞ ሄደ አይባልም።

የዲጄ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። ሴራቶ፣ ትራክተር፣ ሪከርድቦክስ፣ ቨርቹዋል ዲጄ፣ እንዲሁም በነፃ የሚገኘው ሚክስክስ የተባለው ፕሮግራም ሁሉም መዝገብ አላቸው። መዝገቡ ውስጥ የሚጻፈው የዘፈኑ ስም፣ የምቱ ፍጥነት፣ ዘፈኑ ከየት ላይ እንዲጀምር ያደረግነው ምልክትና ከሁሉ በላይ የፋይሉ አድራሻ ነው። አድራሻ ማለት ለምሳሌ «ዲ በሚባለው ዲስክ፣ ሙዚቃ በሚባለው ፎልደር፣ ሠርግ በሚባለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ» ማለት ነው።

በካምፕ ውስጥ የምንኖር ሰዎች አድራሻ ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። አንድ ቤተሰብ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ብሎክ ቢዛወርና በመዝገብ ላይ ሳያስለውጥ ቢቀር፣ ጠሪው የድሮው ቤት ሄዶ ያንኳኳል፤ «የሉም» ብሎም ይመለሳል። ሰዎቹ ግን አሉ። ፕሮግራሙም «ፋይሉ አልተገኘም» ሲል ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ጠፍቷል ማለቱ ሳይሆን «በተጻፈልኝ አድራሻ የለም» ማለቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አትደንግጡ፤ ቀጥሎም ምንም ነገር አታጥፉ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሪሎኬት ወይም ሪሊንክ የሚባል ትእዛዝ አላቸው፤ ዘፈኖቹ አሁን ያሉበትን ፎልደር ስናሳያቸው አድራሻውን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

የሠርጉ ልጅ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ዘፈኖቹ እቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ቀርተዋል፤ በተዋሰው ላፕቶፕ ላይ ያለው መዝገቡ ብቻ ነው።

2ኛ/ ስንት ዘፈን ስንት ቦታ ይይዛል?

ከመገልበጣችን በፊት ሂሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ኤም ፒ 3 በሚባለው ዓይነት፣ ጥራቱ 320 ኪሎቢት ሲሆን፣ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ወደ 2.4 ሜጋባይት ይይዛል። ጥራቱ 128 ኪሎቢት ከሆነ ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። ዋቭ የሚባለውና ምንም ያልተቀነሰለት ዓይነት ደግሞ ለአንድ ደቂቃ ከ10 ሜጋባይት በላይ ይፈልጋል።

እንግዲህ አንድ ዘፈን በአማካይ 5 ደቂቃ ቢሆን፣ በ320 ኪሎቢት 12 ሜጋባይት ይሆናል። 4,000 ዘፈን በ12 ሲባዛ 48,000 ሜጋባይት፣ ማለትም 48 ጊጋባይት ነው። ልጁ ዘፈኖቹን በሙሉ መያዝ ቢፈልግ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃው ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ128 ኪሎቢት የተቀመጠን ዘፈን ወደ 320 ብትለውጡት ቦታ ይጨምራል እንጂ ድምፁ አይሻልም። አንዴ የወጣው ተመልሶ አይገባምና።

3ኛ/ ለብዙ ኮምፒዩተር የሚሆኑ አምስት ደንቦች

ሀ/ እናት ስብስብ አንድ ብቻ ይሁን። ዘፈኖቹ ሁሉ በአንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ «ሙዚቃ» በሚባል አንድ ዋና ፎልደር ሥር ይቀመጡ። ግማሹ ዴስክቶፕ ላይ፣ ግማሹ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ የቀረው ስልክ ላይ ከሆነ ስብስብ ሳይሆን ብትን ነው። ዲስኩ በዊንዶውስም በማክም እንዲሠራ ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት ቢደረግ ይመረጣል። ፎርማት ማድረግ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አትርሱ፤ ዲስኩ ባዶ ሳለ ብቻ ይደረግ።

ለ/ አድራሻው በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ይሁን። ዊንዶውስ ለምንሰካው ዲስክ ባገኘው ክፍት ፊደል ስም ይሰጠዋል፤ ዛሬ «ኢ» ያለውን ነገ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ «ኤፍ» ሊለው ይችላል። ፊደሉ ሲለወጥ አድራሻው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው ክፍል ገብተን በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ለዚያ ዲስክ ሌላ መሣሪያ የማይወስደው አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ኤም»ን፣ ብንሰጠው ችግሩ ይወገዳል። በማክ ላይ አድራሻውን የሚወስነው የዲስኩ ስም ስለ ሆነ ስሙን አለመለዋወጥ ነው።

ሐ/ መገልበጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በእኔም ደርሷል። ሰኞ ዕለት በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የ60 ዘፈኖችን ስም አስተካከልሁ። ማክሰኞ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ አዳዲስ ዘፈኖች ጨመርሁ። ረቡዕ የማክሰኞውን በሰኞው ላይ ገለበጥሁበት፤ የሰኞው ድካሜ በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ኮምፒዩተር ሁለት ሰዎች የሠሩትን አስታርቆ አንድ አያደርግም፤ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ይደርባል እንጂ። ስለዚህ የሚጨመረውና የሚታረመው በእናት ስብስቡ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ከእርሱ ይቀበሉ። አጠገቡም አንድ ደብተር ይቀመጥ፦ ቀን፣ የሠራው ሰው ስም፣ ምን እንደ ጨመረ፣ ምን እንደ ለወጠ ይጻፍበት። እንደ ፍሪፋይልሲንክ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች የተለወጠውን ብቻ ለይተው ስለሚገለብጡ ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ግን አቅጣጫውን የምንነግራቸው እኛ ነን።

መ/ መዝገቡንም ከዘፈኑ ጋር ውሰዱ። ፕሮግራሞቹ በዚህ ይለያያሉ። ሴራቶ የመነሻ ምልክቶቹን ዘፈኑ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ዝርዝሩንም በዚያው በውጭ ዲስኩ ላይ በራሱ ፎልደር ያኖረዋል፤ ስለዚህ ከዲስኩ ጋር ይጓዛል። ትራክተርና ሚክስክስ ግን መዝገባቸውን የሚያኖሩት በኮምፒዩተሩ ባለቤት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሳለ ለብቻው መገልበጥ አለበት።

ሠ/ ሦስት ቅጂ ይኑር። አንዱ የምንሠራበት፣ ሁለተኛው በሌላ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው በሌላ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች ለሌባ አንድ ናቸው። ቅጂውንም በወር አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ጥቂት ዘፈን አጫውቱበት፤ ያልተሞከረ ቅጂ አለ አይባልም።

በዚህ ላይ ስለ ፍላሽ አንድ ምክር ልጨምር። ከሳይበር ቤት የመጣ ፍላሽ ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው አጫጭር ማስጠሪያ ምልክቶችን የሚያስቀምጥ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። ይህ ሲሆን ዘፈኖቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ ምልክቶቹን አትንኩ፤ ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁም በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ፍላሽንም ከኮምፒዩተሩ ስታወጡ በትእዛዝ አሰናብቱት እንጂ አትንቀሉት።

4ኛ/ የእኛ ፊደልና የእኛ ስም

ፕሮግራሞቹን የሠሯቸው ሰዎች የእኛን ቋንቋ አስበው ስላልሠሯቸው፣ የሐበሻ ዘፈን ለሚይዝ ሰው የተለየ ሥራ አለበት።

የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። ለእኛ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው የተለያዩ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠን በ«ሠ» ጽፋችሁ በ«ሰ» ብትፈልጉት ብዙ ፕሮግራሞች «የለም» ይሏችኋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ «ቲ» ብሎ «አይ» ያስከትላል፣ ሌላው «ኢ» ያስከትላል፤ አንድ ድምፃዊ ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መምረጥና የድምፃውያንን ስም ዝርዝር በደብተሩ መጨረሻ ላይ መጻፍ ነው። ማንም ሰው አዲስ ዘፈን ሲያስገባ ከዚያ ይመልከት።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር ይጠቀም ነበር። ስለዚህ አንዳንድ አሮጌ ፋይሎች ስማቸው ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አዳምጡትና ስሙን እንደገና ጻፉት።

ሁለተኛው የስም ቅደም ተከተል ነው። የውጭ አገር ፕሮግራም የቤተሰብ ስም ሊጠይቅ ይችላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስምና የአባት ስም ነው። ማሕሙድ አሕመድን «አሕመድ» በሚል ሥር የሚፈልግ ሐበሻ የለምና ሁልጊዜ በራስ ስም ጀምሩ።

ሦስተኛው የዓመት ምሕረት ነው። ካሴቱ ላይ 1985 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆች? ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የትኛውን እንደ ያዛችሁ ወስኑ፤ ሁሉንም በአንዱ ጻፉ።

5ኛ/ ምትና ቅኝት

ፕሮግራሙ ዘፈኑን መርምሮ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ይነግረናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ነው። ብዙዎቹ የጭፈራ ዘፈኖቻችን ግን፣ በተለይ ችክችካ የምንለው፣ በስድስት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አጨብጫቢው ከሚያጨበጭበው ፍጥነት ግማሹን፣ እጥፉን ወይም አንድ ተኩል እጥፉን ሊጽፍ ይችላል። በቀድሞ ባንዶች የተቀዱት ዘፈኖች ደግሞ ከበሮው በሰው እጅ የተመታ ስለ ሆነ መሐል ላይ ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ። እንግዲህ ቁጥሩን አትመኑ። ታፕ የሚለውን ቁልፍ ከእስክስታው ጋር እየመታችሁ በራሳችሁ ጆሮ አርሙት።

ቅኝትም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሁለት ዓይነት ስልት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉትን በስማቸው አይጠራቸውም። አስተያየት መጻፊያው ላይ የቅኝቱን ስም ብትጽፉ፣ በኋላ ሁለት ባቲዎችን አከታትሎ ለማጫወት ይመቻችኋል። ካላወቃችሁት ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

6ኛ/ ቅጂ ያዳነው ሙዚቃ

አምሃ እሸቴ የሚባሉ የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትመዋል። የአለማየሁ እሸቴ የመጀመሪያ ሸክላዎች የወጡት በእርሳቸው ነው፤ የታተሙትም ሕንድ አገር ተልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 አቶ አምሃ ከአገር ወጥተው አሜሪካ በስደት ኖሩ። ቆይቶም ሸክላው ቀርቶ ካሴት ቦታውን ያዘ። ይሁን እንጂ ሙዚቃው በየሰው ቤት ተበትኖ ስለ ነበር አልጠፋም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ በሚል ስም በተከታታይ ሲዲ ሲያወጡት ዓለም እንደገና ሰማው። አቶ አምሃ ይህን ለማየት በቅተው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ።

ሸክላ ያልሆኑ፣ ማንም አሳታሚ የማያውቃቸው ድምፆችም አሉ። አንድ እናት ከአገራቸው ሲወጡ ይዘውት የመጡትን አንድ ካሴት ወደ እኔ ልከው ነበር። በካሴቱ ላይ ያለው የገዛ ሠርጋቸው ነው፤ አሁን በሕይወት የሌሉት አባታቸው ሲመርቁ ይሰማል። ካሴቱን ከመጫወቻው ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አገናኝቼ አውዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቀዳሁት። መጀመሪያ ክሩን እስከ መጨረሻ አጠንጥኜ መለስሁት፤ የቴፑንም ራስ በአልኮል ጠረግሁት። «እስቲ ምን እንዳለበት ልስማ» ብዬ ሳላጫውት በመጀመሪያው ዙር ቀዳሁ። ይህን ማድረጌ በጀኝ። በሁለተኛው ዙር ቴፑ ክሩን በላውና ከመርገፉ የተነሣ የሚቀጠል አልሆነም። የቀረው በዋቭ የያዝሁት ብቻ ነው፤ እርሱም አሁን በሦስት ቦታ አለ። እኚህ እናት ሲሰሙት «አባቴ ሁለተኛ እንዳይሞትብኝ» አሉኝ።

ካሴት ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል ሲጫወት ይቀዳ። ዋቩን እንደ እናት አኑሩት፤ ለማዳመጥ ከእርሱ ኤም ፒ 3 አውጡለት።

7ኛ/ ለወላጆች

«ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ ዘፈን እንዲያጫውት አይደለም» ያሉኝ አባት አሉ። አባባላቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ይህ ልጅ የሚማረው ፋይልን በሥርዓት መያዝን፣ ስምን በአንድ ዓይነት መጻፍን፣ ቅጂ ማስቀመጥን ነው። የክሊኒክ ካርድ ክፍልም፣ የመጋዘን ጽሕፈት ቤትም የሚፈልገው ይኸንኑ ዕውቀት ነው። እኛ ስደተኞች ደግሞ የልደት ወረቀታችንን፣ የትምህርት ማስረጃችንን፣ የቤተሰብ ፎቶግራፋችንን በዚሁ ደንብ ብንይዘው ስንት መንከራተት ይቀርልን ነበር።

ስለ መብትም አንድ ቃል። ዘፈን የሰው ላብ ነው። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 410፣ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሕግ የባለመብቱን ጥቅም ይጠብቃሉ። የምታጫውቱትን ገዝታችሁ ያዙ፤ በአዳራሽ ለሕዝብ ለማጫወት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ከባለ አዳራሹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ያ የሠርጉ ልጅ አሁን አንድ የውጭ ዲስክና አንድ ደብተር አለው። ሥራ ሲጠራ ከአንድ ቀን በፊት በሚያጫውትበት ኮምፒዩተር ላይ ዲስኩን ሰክቶ አሥር ዘፈን ከየቦታው ያሰማል፤ ከዚያም በኋላ ነው ልብሱን የሚተኩሰው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. እያንዳንዳቸው 4 ደቂቃ የሆኑ 1,500 ዘፈኖች በ320 ኪሎቢት ስንት ጊጋባይት ይይዛሉ? ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃቸዋልን?
2. የዘፈኑ ስም በዝርዝሩ ላይ እየታየ ዘፈኑ የማይጫወትባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጻፉ።
3. ከወላጆቻችሁ ወይም ከጎረቤት አንድ የቆየ ዘፈን ጠይቁ። የዘፋኙን ስም ከነአባቱ፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቅኝቱንና መቼ ይዘፈን እንደ ነበረ በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡ።